ከበሮ ያልተመታበት ቅዳሜ

ባለፈው ሳምንት በኮሌጁ መኝታ ክፍላችን መብራት ጠፋና ከምግብ አዳራሹ ጀርባ ያለው ጄኔሬተር ተነሣ። የናፍጣው ሽታ በመስኮት ገብቶ ክፍሉን ሲሞላው ጓደኞቼ በነጠላቸው ጫፍ አፍንጫቸውን ሸፈኑ። እኔ ግን አንድ ነገር ሊጀመር እንደሆነ ሁሉ አልጋዬ ላይ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። ለሌላው ሰው ናፍጣ የመኪና ሽታ ነው። ለእኔ የሙዚቃ ሽታ ነው፤ የመካነ ሰላም ቀበሌ አዳራሽ የቅዳሜ ከሰዓት ሽታ ነው።

ያኔ ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ ደጎሎ በምትባል ሌላ ከተማ ያስተምር ስለነበር እናቴና እኔ የምንኖረው ከእናቴ አባት ጋር ነበር። አያቴ መሪጌታ ናቸው። ዜማና አቋቋም ያስተማሯቸው ልጆች በየደብሩ ስላሉ ክርስቲያኑም እስላሙም «የኔታ» ይላቸዋል። በዚያው ቤት የእናቴ ታናሽ ወንድም ጋሼ አያሌው ይኖር ነበር። ቀን ቀን ወፍጮ ቤት ስለሚሠራ ቅንድቡ ሁልጊዜ ዱቄት እንደነካው ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ከበሮ መቺ ነበር።

መሣሪያዎቹ ለቀበሌው የኪነት ቡድን ተብለው ከደሴ በጭነት መኪና የመጡት በዚያው ዓመት መግቢያ ላይ ነው። አንድ ጊታር፣ አንድ ወፍራም ድምፅ ያለው ቤዝ ጊታር፣ አንድ ድምፅ ማጉያ፣ ደግሞም በብረት እግር የቆሙ ከበሮዎች። ጊታሩን ሰይድ ያዘው፤ ሰይድ ልብስ ሰፊ ነው፤ ጣቶቹ መርፌ የለመዱ ስለሆኑ ክሩ ላይ ሲሮጡ አይታዩም። ቤዙን በላይ ያዘው። በላይ በጤና ጣቢያ መርፌ የሚወጋው ሰውዬ ነው። እኛ ልጆች ከሰኞ እስከ ዓርብ መንገድ ላይ ስናየው እንሸሻለን፤ ቅዳሜ ደግሞ ከፊቱ ለመቀመጥ እንጋፋለን።

ቅዳሜ ከሰዓት መጀመሪያ ስብሰባ ነው። ማንም መቅረት አይችልም። ስብሰባው ካለቀ በኋላ ኪነቱ አንድ የሰልፍ ዘፈን ያቀርባል፤ ሰው ቆሞ ያጨበጭባል። ከዚያ በኋላ ነው የሚጠበቀው የሚመጣው፤ የውጭ አገር ዘፈን። የቀበሌው ሊቀ መንበር መጀመሪያ ላይ ስለዚህ ብዙ ተጨንቆ ነበር ይባላል። በመጨረሻ እንዲህ ብሎ ፈቀደ፦

«ምን እንደሚል የሚያውቅ ከሌለ፣ መጥፎ ነገር ይላል ብሎ የሚከሰንም የለም።»

ውጭ የናፍጣው ሞተር ይነሣል። ሽታው በበሩ ስር ሾልኮ ይገባል። ድምፅ ማጉያው ላይ አንዲት ቀይ መብራት ትበራለች። ሰይድ አንድ ክር ብቻ ይነካል፤ የጣሪያው ቆርቆሮ ከነምስማሩ ይንጫጫል። በላይ በቤዙ ሲገባ ድምፁ በጆሮ አይመጣም፤ በአግዳሚው በኩል ነው የሚመጣው፤ ከተቀመጥንበት እንጨት ተነሥቶ ሆድ ውስጥ ይገባል። የሚያለቅሱ ሕፃናት በላይ ሲጀምር እናታቸው ጭን ላይ ወዲያው ይተኛሉ። ከዚያ ጋሼ ትልቁን ከበሮ በእግሩ፣ ትንሹን በእጁ ይጀምራል፤ አዳራሹ መራመድ የጀመረ ይመስለኛል።

ሦስት ብቻ ናቸው ብዬ ማመን ያቅተኝ ነበር። አንድ ቀን ከመድረኩ ጀርባ ያለውን መጋረጃ ገልጬ ሌሎቹን ፈልጌያለሁ። ያገኘሁት መጥረጊያና እግሩ የተሰበረ ወንበር ነው። እንደ እኔ የተደነቁ ትልልቅ ሰዎችም ነበሩ። በግ ሸጦ ሲመለስ የገባ አንድ ገበሬ አጠገቡ ያለውን ሰው በክርኑ ጎሸም አድርጎ፣

«እነዚህ ሦስት ናቸው? አንድ ድንኳን ሙሉ ሠርገኛ አይደለም?» ሲል ሰምቻለሁ።

«ሦስት ናቸው ወላሂ። ቁጠራቸው» አለው ሰውየው።

«ቆጠርኳቸው እኮ። ለዚያ ነው የምጠይቅህ።»

ሞተሩ ሲጠፋ ጊታሮቹ አብረው ስለሚጠፉ፣ ጊታር ናፍጣ የሚጠጣ ነገር ይመስለኝ ነበር። የጋሼ ከበሮ ግን ሞተር አይፈልግም፤ በባዶ ሆዱም ይጮኻል። በዚህ በጣም እኮራ ነበር።

ዘፈኖቹን የሚያመጡበት መንገድ ራሱን የቻለ ትርኢት ነው። ቴፕ የላቸውም። የሰይድ አሠሪ ልብስ ስፌት ቤት አንድ ሬዲዮ አለች፤ እሑድ ከሰዓት በአጭር ሞገድ የውጭ ዘፈን ታሰማለች። ሦስቱ ሬዲዮዋን ከበው ይቀመጣሉ። ሰይድ ቀጭኑንና ዘፋኙን ብቻ ያዳምጣል፣ በላይ ወፍራሙን፣ ጋሼ ምቱን። አንዱ የሌላውን ድርሻ አይነካም። ዘፈኑ እንዳለቀ ሦስቱም ተነሥተው፣ የየራሳቸውን በአፋቸው ይዘው፣ ሳይነጋገሩ ዳገቱን ወደ አዳራሹ ይወጣሉ። በእኛ አገር ሰላምታ ሳይመልሱ ማለፍ ነውር ነው፤ የልጅ፣ የከብት፣ የጎረቤት ደኅንነት ሳይጠየቅ ማን ያልፋል? እነሱ ግን ቢመልሱ ዘፈኑ ይፈሳል። ሰው መጀመሪያ ተቀየማቸው፤ በኋላ ለመደ። እሑድ ከሰዓት ሲመጡ ሴቶቹ መንገድ ይለቁላቸዋል።

«ተዋቸው፣ አታናግሯቸው። ዘፈን ይዘዋል» ይባባላሉ፤ እንስራ ሙሉ ውኃ ስለተሸከመ ሰው እንደሚባለው ሁሉ።

ከሁሉም አንዷን ዘፈን እወዳት ነበር። መሐሏ ላይ ስትደርስ ሦስቱም አብረው ድምፃቸውን ይቀንሳሉ፤ ይቀንሳሉ፤ በመጨረሻ ጣቶቻቸው ይንቀሳቀሳሉ እንጂ ምንም አይሰማም። አዳራሹ ሙሉ ሰው ትንፋሹን ይይዛል። ከዚያ ከሩቅ እንደሚመጣ ነገር ቀስ በቀስ ይመለሳል፤ ሲመለስ ከበፊቱ ይበልጥ ትልቅ ሆኖ ነው። እኔ ዘፈኑ ዓባይ በረሃ ወርዶ የሚመለስ ይመስለኝ ነበር። ሰው ቁልቁል ሲወርድ ድምፁ እንደሚጠፋ፣ ሲወጣ ደግሞ እንደሚሰማ ነበርና የማውቀው። በኋላ አድጌ ነው የገባኝ፤ ያ የሬዲዮዋ ጠባይ ነው። አጭር ሞገድ ይሄዳል፣ ይመጣል። እነሱ ግን ዘፈኑ እንደዚያ የተሠራ መስሏቸው መሄዱንም መምጣቱንም አጥንተው ይጫወቱት ነበር። የዘፈኑ ባለቤቶች አንድ ቀን ቢሰሙት ይቀኑ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ቤታችን ውስጥ ግን ነገሩ እንዲህ ደስ የሚል አልነበረም።

አያቴ ስብሰባው ሲያልቅ መቋሚያቸውን ይዘው ቀድመው ይወጣሉ። አንድ ቅዳሜ ረስተውት የሄዱትን ጋቢ ሊወስዱ ተመልሰው በር ላይ ቆሙ። ያን ቀን ልጃቸው ከነጫማው ከበሮ ሲረግጥ አዩ። ከበሮ ማለት ለእሳቸው አንገት ላይ የሚንጠለጠል፣ በነጭ ጨርቅ የሚሸፈን፣ ሲቀመጥም መሬት የማይነካ ነገር ነው። ጋሼን ልጅ ሆኖ ከበሮ ያስያዙት ራሳቸው ናቸው። ማታ ለእናቴ እንዲህ አሏት፦

«ከበሮ በእግሩ ከሚረግጥ ሰው ጋር አንድ ማዕድ አልቆርስም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የጋሼ ምግብ ለብቻው ይቀርብ ጀመር። ሳህኑን ወደ ጓዳ ማድረስ የእኔ ሥራ ሆነ። መልእክት ማድረስም እንደዚሁ። ሁለቱ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው፣ በመካከላቸው አንድ በርጩማ ብቻ እያለ፣ በእኔ በኩል ነበር የሚነጋገሩት።

«ለዚያ ልጅ ንገሪው፤ ኩርማን ጋቢውን በር ላይ ጥሎታል።»

«ጋሼ፣ ጋቢህን በር ላይ ጥለኸዋል።»

«ሰምቻለሁ። አነሣዋለሁ በያቸው።»

«አባባ፣ አነሣዋለሁ ብሏል።»

«ሰምቻለሁ» ይላሉ አያቴም።

መጀመሪያ ጨዋታ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ከትልልቅ ሰዎች ማንም እንደ እኔ አስፈላጊ አልነበረም። ጨዋታ አለመሆኑ የገባኝ ጋሼ ከሳህኑ ግማሹን እየተወ መመለስ ሲጀምር ነው። አንድ ቀን «ጠገብክ?» ብዬ ስጠይቀው፣ «ለብቻ ሲበላ ቶሎ ያጠግባል» አለኝ።

ሁዳዴ ሲገባ አያቴ እንደገና ጠሩኝ። ድምፃቸው ግን እንደ ሌላው ጊዜ የቁጣ አልነበረም።

«ንገሪው። በሁዳዴ ከበሮ አይመታም። በቤተ ክርስቲያንም አይመታም፤ በመቋሚያ ብቻ ነው የሚዘመመው። በእግሩ መርገጡን ባይተው እንኳ ጾሙን ያክብር።»

ጋሼ አንገቱን ደፋ። «እሺ ብሏል በያቸው» አለ። በዚያ ቤት ውስጥ ከወራት በኋላ የተሰማ የመጀመሪያው እሺ ነበር። አያቴ ያን ቀን ምሽት ላይ «በልቷል?» ብለው እናቴን ሲጠይቋት ሰማሁ።

ሰይድና በላይም አልተከፉም። ሰይድ፣ «አብሽር፣ እኔስ ረመዳን ሲገባ ጊታሬን እሰቅል የለ? እስከ ፋሲካ በሁለት ጊታር እናዘግማለን» ብሎ አጽናናው። ቅዳሜዎቹ ትንሽ ቀዘቀዙ፤ ሰው ግን ታገሠ።

ፋሲካ ሦስት ሳምንት ያህል ሲቀረው ሊቀ መንበሩ ወፍጮ ቤት ድረስ መጣ። እህል ላስፈጭ ከእናቴ ጋር ሄጄ ስለነበር ሰምቼዋለሁ።

«ቅዳሜ ከላይ እንግዶች ይመጣሉ። የየከተማውን ኪነት እያዩ መሣሪያ የሚያደላድሉ ናቸው። ካልወደዷችሁ ጊታሩም ማጉያውም ተጭኖ ይሄዳል። ያቺን የምትሄደዋን የምትመጣዋን ዘፈን ተጫወቱላቸው።»

«ያለ ከበሮ ብንጫወት ጓድ?» አለ ጋሼ።

«ያለ ከበሮ? አንተ ምን ሆነህ ልትቆም ነው መድረክ ላይ? ፎቶ?»

«ጓድ፣ ጊዜው...»

«የምን ጊዜ ነው?» አለና ሊቀ መንበሩ ዙሪያውን አየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አያሌው፣ እኔም እናት አለችኝ፤ ጊዜውን አውቃለሁ። ግን እነዚህ ሰዎች ፊት እንዲህ ያለ ነገር እንዳታነሣ። አንተም እኔም አንድንም» አለው።

ዓርብ ማታ ሳህኑን ይዤ ስገባ ጋሼ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ተቀምጧል።

«ጋሼ፣ ነገ ትመታለህ?»

«ብመታ አባባን ዋሸሁ። ባልመታ ሰይድና በላይ ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። አንቺ ብትሆኚ?»

«እኔ ብሆን እታመማለሁ» አልኩት። ከልቤ ነበር፤ ፈተና ሲመጣ ሠርቶልኝ ያውቃል።

ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ከዚያ ግድግዳው ላይ ተደግፎ የቆመውን የወይራ ዱላውን ዝም ብሎ ያይ ጀመር። እኔ ሊተኛ መስሎኝ ትቼው ወጣሁ።

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። እንግዶቹ በጂፕ መጥተው ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ ከመካከላቸው ጥቁር መነጽር ያደረገው አለቃቸው ይመስላል። ስብሰባው ሲያልቅ አያቴ እንደ ልማዳቸው ተነሡ። በሩ ላይ የቆመው ጠባቂ ግን፣ «የኔታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ዛሬ ፕሮግራሙ ሳያልቅ ማንም እንዳይወጣ ተብሏል» አላቸው። ተመልሰው ከእናቴና ከእኔ አጠገብ ተቀመጡ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ሞተሩ ተነሣ። ቀይዋ መብራት በራች። ሰይድና በላይ ቦታቸውን ያዙ። ጋሼ ወጣና ወደ ከበሮዎቹ አልሄደም። ጫማውን አውልቆ መድረኩ ጠርዝ ላይ አስቀመጠ። በባዶ እግሩ፣ የወይራ ዱላውን በሁለት እጁ ይዞ መካከል ላይ ቆመ። ሊቀ መንበሩ ከመቀመጫው ግማሽ ተነሥቶ ቀረ።

ሰይድ ጀመረ። በላይ ገባ። ከዚያ ጋሼ ዱላውን አንሥቶ የመድረኩ ሳንቃ ላይ አሳረፈው።

ያንን ድምፅ እንዴት ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም፤ ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ። የከበሮ ድምፅ አይደለም። ደረቅ ነው፤ ግን ከስር ባዶ ስለሆነ ሳንቃው ተቀብሎ ያጎላዋል። ዱላው ሲወድቅ ጋሼ ትንሽ ጎንበስ፣ ሲነሣ ቀና ይላል፤ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፣ ወደ ግራ ይመለሳል። ይህን ያየ ሁሉ የት እንዳየው ያውቃል። በሁዳዴ ሊቃውንቱ መቋሚያቸውን ይዘው የሚዘምሙት እንደዚህ ነው። የሰይድ ጊታር ግን ከላይ እየጮኸ ነው፤ የበላይ ቤዝ ከአግዳሚው ሆዳችን ውስጥ እየገባ ነው፤ ማንም የማያውቀው ቋንቋ በሰይድ አፍ ይዘፈናል። ሁለቱ ነገሮች እንዴት እንደተገናኙ አልገባኝም። አልተጣሉም። ከኋላችን አንዲት ሴትዮ «ማሻ አላህ» ስትል፣ ሌላዋ «እግዚኦ» ስትል ሰማሁ፤ ሁለቱም የደስታ ነበር።

ዘፈኑ መሄጃው ላይ ደረሰ። ጊታሩ ቀነሰ፣ ቤዙ ቀነሰ። ዱላው እንጨቱን የሚመታ ሳይሆን የሚዳስስ ሆነ። ከዚያ ምንም አልነበረም። ሦስቱም እየተንቀሳቀሱ ነው፤ የሚሰማው ውጭ ያለው ሞተር ብቻ ነው። ወደ አያቴ ዞር አልኩ። ፊታቸው ከግድግዳው ወደ መድረኩ ተመልሷል፤ ዓይናቸው ግን ተከድኗል። የተኙ መስሎኝ አፈርኩ፤ እንግዶቹ እንዳያዩአቸው ጋቢያቸውን ጎተት አደረግሁ። እጄን ያዙና አስቀመጡት። አልተኙም።

ከዚያ ዘፈኑ ዓባይን ተሻግሮ ወጣ። እንዲያ ሲመለስ ሰምቼ አላውቅም። ሰዉ ሳይታዘዝ ተነሣ።

ጭብጨባው ሲበርድ መነጽር ያደረገው እንግዳ ጠየቀ፦

«በጣም ጥሩ ነው። ግን ከበሮው ለምን አልተመታም?»

 ሁሉም ምክንያቱን ያውቃል፤ ሁሉም መሬት አየ። ጋሼ ወደ አባቱ ተመለከተ፤ አፉን ሊከፍት ነው። አያቴ የመቋሚያቸውን አናት ጭምድድ አድርገው ያዙ። ያኔ ሰይድ ቀደመው።

«ጓድ፣ ከበሮው ታሟል።»

«ከበሮ እንዴት ነው የሚታመመው?»

«ብርዱ ነው ጓድ። የመካነ ሰላምን ብርድ አያውቁትም፤ ሰውንም ያላላል እንኳን ቆዳ። ሁለት ሳምንት ብቻ ይስጡት፤ ወላሂ ድኖ ይነሣል።»

ከሁለት ሳምንት በኋላ ፋሲካ ነው። አዳራሹ ሙሉ ሰው ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ዋጠ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። እንግዳው ግን በቁም ነገር አስቦበት ራሱን ነቀነቀ።

«ጊታሮቹና ማጉያው እዚሁ ይቆዩ፤ ይገባቸዋል። ከበሮው ግን ለአጅባር ኪነት ይሰጥ። እዚያ ምንም የላቸውም፤ እናንተ ያለ እሱም እንዲህ ትጫወታላችሁ።»

ከበሮዎቹ በዚያው ቀን ተጫኑ። ጋሼ ትልቁን በእጅጌው ጠርጎ ራሱ ለሾፌሩ ረዳት አቀበለው። ሰይድ አጠገቡ ቆሞ፣

«አንተ ሰውዬ፣ ምነው ዱላውን ትንሽ አበላሽተህ ብትመታው ኖሮ!» አለው። ሊቀልድ ነበር፤ ግን ራሱም አልሳቀም። በላይ ምንም ሳይናገር የጋሼን ጫማ ከመድረኩ አምጥቶ እግሩ ስር አስቀመጠለት። መኪናው አቧራውን አስነሥቶ ሲሄድ ሦስቱ እዚያው ቆመው ቀሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሦስት ብቻ መሰሉኝ።

አመሻሽ ላይ እናቴ ሽሮውን አቀረበች። የጋሼን ሳህን ይዤ ወደ ጓዳ ስሄድ አያቴ፣

«ወዴት ነው?» አሉኝ።

«ለጋሼ ነው አባባ።»

«መልሺና እዚህ ጨምሪው።»

የሰማሁትን ስላላመንኩ ቆሜ ቀረሁ። እናቴ መጥታ ሳህኑን ከእጄ ወሰደችና በማዕዱ ላይ ገለበጠችው። ጋሼ በጓዳው በር ላይ ታየ። ማንም «ና» አላለውም፤ እጁን ታጥቦ መጥቶ ተቀመጠ። እኔ መሐል ላይ ሆኜ መልእክት ጠበቅሁ። አያቴ ባርከው ቆረሱ። ሁለቱም መብላት ጀመሩ። ስለ ከበሮው የሚሉ መስሎኝ ነበር፤ ወይ ስለ እግሩ፤ ወይ ስለ ይቅርታ።

«ስትመለሱ ትቸኩላለህ» አሉ አያቴ። ያዩት እሱን ነው፤ እኔን አላዩኝም።

ጋሼ ማኘኩን አቆመ። «የቱ ጋ አባባ?»

«ዝም ካላችሁ በኋላ። ሁለቱን ምት ደኅና ታደርጋለህ፤ ሦስተኛዋ ላይ ደስ ይልህና ትሮጣለህ። ሰዉ ገና አልተመለሰም እኮ፤ ጠብቀው።»

ጋሼ ቀኝ እጁን በነጠላው ጠርጎ፣ በጣቶቹ አንጓ መሬቱን ቀስ ብሎ መታ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ዓይኖቹ ውኃ ሞልተው ነበር።

«አሁንም ቸኮልክ» አሉ አያቴ። «እንደገና።»